ሰባ አራት በር ያለው ቤት

ሥራህ ምንድን ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ መልሴ አጭር ሆኖ አያውቅም። ሐኪም ወይም መምህር ብሆን ኖሮ በአንድ ቃል እገላገል ነበር። አንድ ጊዜ ለዕድራችን ሊቀ መንበር «በኢንተርኔት ላይ ቤት አከራያለሁ» ብላቸው ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና «መሬቱ የት ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። መሬቱ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ተከራይተን፣ እሱን ሸንሽነን ለአዲስ አበባ ድርጅቶች መልሰን እናከራያለን። ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ አስጎብኚ ድርጅት፣ አንድ ሁለት ቡና ላኪዎች። እያንዳንዳቸው ድረ ገጻቸውንና ደብዳቤያቸውን የሚያኖሩባት ጠባብ ክፍል አለቻቸው፤ ኪራዩን በዓመት አንዴ ይከፍላሉ። የምንተዳደረው በዚህ ነው።

ከክፍሏ ጋር አንድ የመቆጣጠሪያ ገጽ አብሮ ይሰጣል። በሙያው ቋንቋ «ኮንትሮል ፓነል» ይባላል። ደንበኛው ይህን ገጽ ከፍቶ ለሠራተኛው የኢሜይል አድራሻ ማውጣት፣ የይለፍ ቃል መለወጥ፣ ፎቶ መጫን፣ ምን ያህል ቦታ እንደቀረው ማየት ይችላል። ይችላል ማለቴ በወረቀት ላይ ነው። ገጹን አንዴ ከፍቶ ያየ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስበትም፤ ስልክ አንሥቶ እኛ ዘንድ ይደውላል። በቀን ውስጥ ከሚደወልልን አብዛኛው፣ ሰውየው በሁለት ደቂቃ ራሱ ሊጨርሰው የሚችለው ጉዳይ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ በገጹ ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው። ሰባ አራት ሆኑ። እስቲ አስቡት፤ ሰባ አራት በር ያለው፣ በእያንዳንዱም በር ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈበት ቤት! «አፓቼ ሃንድለርስ»፣ «ሆትሊንክ ፕሮቴክሽን»፣ «ክሮን ጆብስ»፣ «ማይም ታይፕስ»።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ታሪኩን ላወቀው አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ኒክ ኮስተን የተባለ ወጣት «ሲፓነል» የሚባለውን ፕሮግራም ሲጽፍ፣ የድረ ገጽ ቦታ የሚከራዩት ሰዎች አብዛኞቹ ከኮምፒዩተር ጋር የተዋወቁ ነበሩ። ከዚያ በፊት ማሽኑን የሚያዙት በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዙን በፊደል እየጻፉ ነው፤ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ከሳተች ትእዛዙ ወይ አይሠራም፣ ወይ ያልታሰበውን ይሠራል። ለነዚህ ሰዎች በጥቁሩ መስኮት ፈንታ የሚጫን ምልክት ማግኘት ትልቅ ዕረፍት ነበር። በተከታዩ ዓመት «ዌብሚን» መጣ፤ ቆየት ብሎ ከሳይቤሪያዋ ከኖቮሲቢርስክ ከተማ «ፕሌስክ» ተከተለ። ሁሉም ባለሙያ ለባለሙያ የሠራቸው ናቸው፤ ለታሰቡለት ሰው ደግሞ ደግ ሥራ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2003 «ዎርድፕሬስ» ወጣና ኮድ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ድረ ገጽ ማቆም ቻለ። ተከራዩ ተለወጠ። ቤቱ ግን አልተለወጠም፤ እንዲያውም በየዓመቱ በር ይጨመርበት ጀመር። በር የሚቀንስ አልተገኘም። ምክንያቱም ከሺህ ደንበኛ አንዱ ያንን በር ይጠቀምበታል፤ የተዘጋ ዕለት እየጮኸ ይመጣል። የቀሩት 999ኙ በበሩ ብዛት ተጨንቀው ሲሸሹ ግን ድምፅ አያሰሙም። በዚያ ላይ የበር ብዛት ለሻጩ ማስታወቂያ ነው። «ይህን ያህል አገልግሎት በአንድ ገጽ!» እየተባለ ይሸጣል። ገዥው አብዛኛውን እንደማይከፍተው ሻጩም ገዥውም ያውቃሉ።

ሃያ ሁለት አካባቢ አሥራ አራት ክፍል ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት እናት ደንበኛችን ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባው ተጠግቷል። ቤቱን ያቆሙት ከባለቤታቸው ጋር ነበር፤ አሁን ብቻቸውን ያስተዳድሩታል። እንግዶቻቸው በአብዛኛው ከዋሽንግተንና ከአትላንታ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጥምቀት የሚመጡ ወገኖች ናቸው፤ አልጋ የሚይዙትም በኢሜይል ነው። አንድ ዓመት ታዲያ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ደብዳቤ ቀጥ አለ። አንድም የለ። እሳቸው ዘንድሮ ሰው ቀረ ብለው ተቀበሉት። ሁለት አስተናጋጆች ለማሰናበት አስበው እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ። መጨረሻ ላይ የቆየች እንግዳቸው ከአትላንታ ደወለችና «ሦስት ጊዜ ጻፍሁልዎ፤ ሦስቱም ተመለሰብኝ፤ ቤቱን ዘጉት እንዴ?» አለቻቸው።

የወንድማቸውን ልጅ አስከትለው ቢሮ መጡ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቶ የመቆጣጠሪያውን ገጽ እያሳየኝ እሳቸው ከጎኑ ተቀመጡ። የሆነው ቀላል ነገር ነበር። የደብዳቤ ሳጥናቸው እንግዶች በላኩት ፎቶግራፍና በማይረባ ማስታወቂያ ሞልቶ አዲስ ደብዳቤ መቀበል አቁሟል፤ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ላኪው ይመልሳል። ይህ እንደሚሆን ደግሞ ማሽኑ አስቀድሞ አስጠንቅቋቸዋል። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ነው የመጣው፤ ልጁም በታማኝነት ተርጉሞላቸዋል። «አክስቴ፣ ኮታሽ ሞልቷል ይላል» አላቸው። እሳቸውም «ኮታ ከሞላማ እሰየው ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በዚህ የሚስቅ ካለ የደርግን ዘመን የማያስታውስ ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው የእህል ኮታ ነበረበት፤ ቀበሌውም የኮታው ዓይነት ብዙ ነበር። ኮታ ሞላ ማለት ግዴታ ተወጣ፣ ከጭቅጭቅ ተረፈ ማለት ነው። ስለዚህ እኚህ እናት ማስጠንቀቂያውን እንደ ምሥራች ቢሰሙት ጥፋቱ የማን ነው? ቃሉ ከእንግሊዝኛው ሳይለወጥ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ትርጉሙ ተገልብጧል። የወንድማቸው ልጅ ምልክቶቹን ጮክ ብሎ ማንበብ ሲጀምር ደግሞ «ማይም ታይፕስ» የሚለው ላይ ደረሰ። ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ማይም ያለው ማንን ነው?» አሉ። ነገሩ የፋይል ዓይነቶችን የሚመለከት የቆየ የሙያ ስም እንደሆነ ላስረዳ ሞከርሁ። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ያሉኝን ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ልጄ፣ እኔ የሳሎኑን ቁልፍ ነው የፈለግሁት። አንተ እንደ ወህኒ ቤት ዘበኛ ይህን ሁሉ ቁልፍ አስታጠቅኸኝ።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከደንበኞቻችን ዘንድ እየሄድሁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። አላስተማርሁም፤ ዝም ብዬ አየሁ። በሙያችን ይህ ብዙ አይደረግም፤ እኛ ሰው ሲሳሳት ካየን እጃችን ይበላናል። ያየሁት ነገር ግን ግልጽ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከመቆጣጠሪያው ገጽ የሚፈልጉት ነገር ስድስት አይሞላም። ሠራተኛ ሲቀጠር አድራሻ ማውጣት፣ ሠራተኛ ሲለቅ አድራሻውን መዝጋት፣ ሳጥኑ ሊሞላ እንደሆነ ማወቅ፣ ድረ ገጹ ቆሞ እንደሆነ ማየት፣ የጠፋን ነገር ወደ ትናንቱ መመለስ። በቃ። ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ለራሳቸው በቅጡ ሳይታወቃቸው አብዝተው የሚጨነቁበት ሁለተኛው ነበር። የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ እንግዳ ተቀባያቸው ዱባይ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት «ደብዳቤዬን እዚያ ሆና የምታነብ እየመሰለኝ ይጨንቀኛል» ብለውኛል። የይለፍ ቃሉ ያው የድሮው ነበር። ልጅቱ አንብባም ላይሆን ይችላል፤ ግን ሁለት ዓመት መጨነቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከሰባ አራቱ በሮች ከአንዱ ጀርባ፣ ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

በር መዝጋቱ ብዙ አላስቸገረንም። አከራይ የሆነ ሰው በራሱ ገጽ ላይ ሆኖ ለደንበኛው የሚታየውንና የማይታየውን መምረጥ ይችላል፤ ሲፓነልም ራሱ ይህን ይፈቅዳል። በአንድ ከሰዓት ከሰባ አራቱ ስልሳ ስምንቱን ሰወርናቸው። የማይታየውን በር የሚፈልገው ባለሙያ ደንበኛም «ሙሉውን አሳየኝ» የምትል አንዲት ትንሽ መስመር ከታች ተጻፈችለት። ያኔ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን የቀሩት ስድስቱም ቢሆኑ አፋቸው አልተፈታም።

ቃላቱን እንደገና መጻፍ ነበረብን። «አካውንት ክፈት» የሚለውን አንድ ቡና ላኪ ሲያዩ «የየትኛው ባንክ ነው?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ አካውንት እዚህ አገር ባንክ ነው። «ለሠራተኛ አድራሻ ማውጫ» ብለን ጻፍነው። ኮታ የሚለው ቃል ከገጹ እስከ ወዲያኛው ተባረረ፤ በፈንታው «ሳጥንዎ ሊሞላ ነው፤ ከሞላ ደብዳቤ አይገባም» ተባለ። ዶሜይን የሚባለውን ደንበኞቻችን «ስሙ» ይሉታል፤ «የድርጅቱ ስም በኢንተርኔት» ሆነ። የትእዛዝ አንቀጹም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ነው፤ በኛ ግን «ጫን» ብትል ሴቷ ትቀራለች፣ «ጫኚ» ብትል ወንዱ ይቆጣል፣ ለሰባ ዓመት እናት ደግሞ ሁለቱም ነውር ነው። በአንቱታ «ይጫኑ» አልን። አንድ ወጣት ደንበኛችን «ገጹ እንደ ባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነው የሚያናግረኝ» ብሎ አሾፈ። ይሁን፤ ከድፍረት አክብሮት ቢበዛ ይሻላል።

ሰዓቱስ? በየሌሊቱ የሁሉም ደንበኛ ንብረት ቅጂ ይወሰዳል፤ በተለምዶ «ባክአፕ» የሚባለው ነው። ገጹ ላይ «ባክአፕ፦ 2፡00» ይላል። ፍራንክፈርት ያለው ማሽን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ 2፡00 ማለት እዚህ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ደንበኞቻችን ግን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ብለው አነበቡት። አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጻፈችው ማስታወቂያ በሁለት ሰዓቱ ቅጂ ውስጥ ተይዞልኛል ብላ ስታምን ኖራለች። ማንም አልዋሻትም፤ ሰዓቱም ልክ ነው። ግን ለሷ የተነገራት ነገር ውሸት ነበር። «ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቅጂ ተወስዷል» ብለን ስንጽፍ ነገሩ አለቀ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን «እርግጠኛ ነዎት?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ኮምፒዩተር የነካ ሁሉ ያውቃታል። የፔንሲዮኑ ባለቤት አንድ አድራሻ ሊዘጉ ሲሉ ይህች ጥያቄ ስትመጣ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡና «እንዴት አድርጌ እርግጠኛ እሆናለሁ? እሱን የሚያውቅ እግዜር ነው» አሉ። ስቄ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ከሳቸው የበለጠ ትክክለኛ መልስ የሰጠ ሰው አላየሁም። ጥያቄዋ ሰውየውን ለመጠበቅ የተሠራች አይደለችም፤ ጥፋት ቢደርስ «ጠይቄው ነበር» ለማለት የተሠራች ናት። ኃላፊነቱን ከሚያውቀው ወደማያውቀው የምታሻግር ወረቀት ናት። አነሣናት። በፈንታዋ የሚሆነውን የሚናገር ዓረፍተ ነገር ገባ፦ «በዚህ አድራሻ ያሉት 412 ደብዳቤዎች ከዓይን ይሰወራሉ፤ እስከ ሰባት ቀን ድረስ መመለስ ይችላሉ።» እኚያ እናት ይህን ሲያነቡ ምንም አልጠየቁም፤ ተጫኑት።

እውነት ለመናገር ማቅለል ሲባል ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጭራሽ የማይታየው ነው። አንባቢዬ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ከላይ የምትታየውን ትንሽ ቁልፍ መሰል ምልክት ያስታውስ ይሆናል። ያንን ምልክት ለማግኘት ድሮ ደንበኛው የምስክር ወረቀት በዶላር ይገዛል፤ የተላከለትን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ገልብጦ ሦስት ሳጥን ውስጥ ይለጥፋል፤ በዓመቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ብዙዎቹ ሳይሞክሩት ይተዉታል። «ሌትስ ኢንክሪፕት» የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለማንም በነፃ ይሰጥ ጀመር፤ ወረቀቱ የሚያገለግለው 90 ቀን ስለነበር ማንም በእጁ ያድሰዋል ተብሎ አልታሰበም፤ ማሽኑ ራሱ እንዲያድሰው ሆነ። ያ በር ከቤቱ ጠፋ። የኛ ደንበኞች እንዲህ ያለ በር እንደነበረም አያውቁም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ ጉግልና ያሁ «ላኪው ማንነቱን በተወሰነ መልክ ካላረጋገጠ ደብዳቤውን አንቀበልም» ሲሉ የትንንሽ ድርጅቶች ደብዳቤ ከማይረባው ጋር ይጣል ጀመር። ይህን ለደንበኛ በየትኛው ቃል ታስረዳዋለህ? አላስረዳንም። ሦስቱን መስመር ለእያንዳንዱ ስም እኛው አስገባንለት። ሊረዳው የማይገባውን ነገር አቅልሎ ማስረዳት ራሱ ሸክም መጫን ነው።

የራስን ገጽ ከፊት ማቆም ሌላም ጥቅም አለው። ሲፓነል እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ ዋጋውን በደንበኛ ቁጥር አደረገና በዓለም ዙሪያ ያሉ ትንንሽ አከራዮች ተንጫጩ፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ፕሮግራም ተሰደዱ። ምልክቶቹን በስንት መከራ ያጠኑ ደንበኞቻቸው አንድ ጧት ሲነሡ ቤቱ ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። እኛም ከጊዜ በኋላ ከኋላ ያለውን ፕሮግራም ለውጠናል። ስድስቱ በሮች ግን በቦታቸው ስለቆዩ የጠየቀን ሰው የለም።

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚለውን ነው። የማያስደስት ክርክርም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ፣ ሙያውን ከኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው፣ አዲሱን ገጽ ሲያይ በጣም ወደደው። የወደደበት ምክንያት ግን አላማረኝም። «ሰው ቤቱን ባላወቀው ቁጥር ከኛ አይለይም» አለ። በንግድ ዓይን ሐሰት አልተናገረም። ደንበኛህን ከሰባ አራት በር ስታሳርፈው ያለህበትን ሥልጣንም እያሰፋህ ነው። የሰወርኸውን እሱ አያየውም፤ የማያየውን አይጠይቅህም።

ይህ እስከምን ሊደርስ እንደሚችል የሚያውቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ። ድረ ገጹን የሠራላቸው ሌላ ሰው ነው። ሥራው ያማረ ነበር፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ ከኛም ይቀላል፦ አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ «ይደውሉልን» ይላል። ርእሰ መምህሩ ለስምንት ዓመት ደወሉ፤ ለስምንት ዓመት ተስተካከለላቸው። የትምህርት ቤቱ ስም፣ ያ ዶት ኮም የሚለው፣ የሚታደሰው በዶላር ስለሆነ ሰውየው አሜሪካ ባለ ዘመዱ ካርድ ይከፍላል፤ ስሙንም ያስመዘገበው በገዛ ራሱ ኢሜይል ነው። ሰውየው አገር ለቆ ሄደ። ስልኩም ተዘጋ።

የእንዲህ ዓይነት ስም ሕግ የታወቀ ነው። ጊዜው ሊያልፍ ወር ያህል ሲቀረው ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ሳምንት ሲቀረው ሌላ ይላካል፤ ካለፈም በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ይደገማል። ከዚያ መዝጋቢው የሚሰጠው የችሮታ ጊዜ አለ፤ ከዚያም የቀድሞው ባለቤት ከፍ ያለ ቅጣት ከፍሎ ሊያስመልስ የሚችልበት ሠላሳ ቀን፤ በመጨረሻ የሚጠብቁበት አምስት ቀን፤ ከዚያ ስሙ የቀደመ ይወስደዋል። ሁሉም ማስጠንቀቂያ በወጉ ተልኳል። የተላከው ግን ወደዚያ ሰው ኢሜይል ነው። ርእሰ መምህሩ ቢሯችን የመጡት ወላጆች የትምህርት ቤቱን ስም ሲጽፉ የቁማር ገጽ እንደሚከፈትባቸው ሲነግሯቸው ነው። ስሙን መመለስ አልቻልንም። በማስታወቂያው ሰሌዳ፣ በደብተሩ ሽፋን፣ በአውቶቡሱ ጎን ላይ የተጻፈው አድራሻ ሁሉ ተፋቀ። የአውቶቡሱን ቀለም ሲቀቡ አይቻለሁ።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ «ጂኦሲቲስ» የሚባል ተጀምሮ ነበር። ሰው ድረ ገጽ ሲፈልግ ሠፈር ይመርጣል፤ ለፊልም ወዳጅ ሆሊውድ፣ ለኮምፒዩተር ወዳጅ ሲሊከን ቫሊ እየተባለ፤ የቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይገባል። ቴክኒክ ለማያውቅ ሰው ነገርን ከማቅለል ወገን ከዚያ በላይ የተዋጣለት አሳብ ብዙ አላየሁም፤ ሠፈርና የቤት ቁጥር የማያውቅ ሰው የለምና። ያሁ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛው፤ በ2009 ዘጋው። የቤት ቁጥሩ የነዋሪው አልነበረም። አንዳንድ ቅን ሰዎች ገጾቹን ከመጥፋታቸው በፊት ለመቅዳት ተሯሯጡ እንጂ ነዋሪው አድራሻውን ይዞ የሚወጣበት መንገድ አልተሠራለትም ነበር።

ስለዚህ ስድስተኛው በር ምን ይሁን በሚለው ላይ ከባልደረባዬ ጋር ሦስት ቀን ተከራከርን። ስሙን «የእርስዎ ንብረት» አልሁት። ሲከፈት አራት ነገር ያሳያል፦ ስሙ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያልቅ በኛ አቆጣጠር፣ ከታች ደግሞ «ሁሉንም ይዤ ልውጣ» የሚል ቁልፍ። እሱን የተጫነ ሰው ድረ ገጹና ደብዳቤው በአንድ ጥቅል ተዘጋጅቶ፣ ስሙን ወደ ሌላ አከራይ የሚያዛውርበት የምስጢር ቁጥር ተጨምሮበት ይሰጠዋል። ባልደረባዬ «መውጫውን በሳሎን በኩል የሚያደርግ አከራይ የት አይተሃል?» አለኝ። አላየሁም። ግን ስልሳ ስምንት በር በእጄ ዘግቼ ያንን አንዱን ካልከፈትሁ የፔንሲዮኗን ባለቤት ያሳረፍኋቸው ሳይሆን የታሰሩበትን ቤት ቀለም የቀባሁላቸው መሆኔ ታየኝ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ባልደረባዬ ፊደሉ ትንሽ እንዲሆን ጠይቆ ነበር፤ እኩል ነው የሆነው።

ከገባ ወዲህ ሦስት ደንበኞች ተጭነውታል። አንዱ ሊያየው ብቻ ነው። ሁለቱ ሄደዋል፤ አንደኛው ዋጋው ወደሚቀንስ ቦታ፣ ሌላው ወንድሙ ወደከፈተው ተመሳሳይ ሥራ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። የወንድምየው ድርጅት ግን ጥቅሉን ሲቀበል ምንም እንዳልጎደለበት ደውሎ ነግሮኛል።

የዛሬ ደንበኛ ደግሞ ድረ ገጽ የሚባለውን ጭራሽ እየተወው ነው። ከሁሉም የሚቀለው ቴሌግራም ነው፤ ቻናል ለመክፈት አንድ ስልክና አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰባ አራት በር ቀርቶ ሰባትም የለው። መርካቶ ጣቃ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ወጣት ነጋዴ ባለፈው ወር መጥቶ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለውን ቻናሉን አሳየኝና «ጋሼ፣ እውነት ይህ እያለ ላንተ ኪራይ የምከፍለው ለምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነበርና ለመሸጥ አልሞከርሁም። «ቻናሉ የተከፈተው በማን ስልክ ነው?» ብቻ አልሁት።

«በዚያ በፊት ፎቶ ያነሣልኝ በነበረው ልጅ» አለ።

«አሁን የት ነው ልጁ?»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ቁጥር ይፈልግ ጀመር።